በገላን ኮንዶሚኒየም አንድ የመስተዋት ገንዳ ስንት ዓሣ ይችላል?

(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተነገረ)




የዛሬው ንግግራችን ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ጊዜ ከመካከላችሁ ብዙዎቹ ፈገግ ስትሉ አይተናል። «የቤት ኪራይና የታክሲ ሰልፍ እያለ ስለ ጌጥ ዓሣ ይነገራልን?» ብሎ የጠየቀም አልታጣም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም ወደ ኋላ እንመለስበታለን። ለጊዜው ግን እኛ ነገሩን ያነሣነው ለጌጥ ብለን አለመሆኑን ብቻ እንድትረዱልን እንለምናለን። ከእኛ ጥቂቶቹ የምንኖረው በአቃቂ ቃሊቲ፣ በገላን ኮንዶሚኒየም ነው። በዚያ ሰፈር ቧንቧው የሚፈሰው በፈረቃ ነው፤ መብራትም ሳይነገር የሚጠፋበት ሌሊት አለ፤ ጀሪካኑም ደረጃውን የሚወጣው በሰው እጅ ነው። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ቤት «ይህ ገንዳ ስንት ዓሣ ይችላል?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ በውስጡ ሌላ ጥያቄ ታዝሎ ይመጣል፤ ይኸውም «ይህ ቤት ለዓሣ ስንት ሊትር ውኃ ሊተርፈው ይችላል? የሚሸከመውስ ማን ነው?» የሚለው ነው።

ነገሩን እንድንመረምር ምክንያት የሆነን በአንድ ጎረቤታችን ቤት የደረሰው ነው። ይህ ሰው በሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። ለልጆቹ ብሎ ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ከፍታው 30 ሳንቲሜትር የሆነ የመስተዋት ገንዳ ገዝቶ፣ እያንዳንዳቸው 10 ሳንቲሜትር ያህል የሆኑ ዐሥራ ሁለት ጎልድፊሾች ጨመረበት። ሻጩ «አይዞህ፣ ዓሣ የሚያድገው በዕቃው ልክ ነው» ብሎት ነበር። በአራተኛው ቀን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ የተመለሰው በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ ነበር። ስድስቱ ዓሦች ሞተው ተንሳፈው ተገኙ። የቤቱም እመቤት «ውኃው ተመርዟል» ብላ ገንዳውን እስከ ታች ደፍታ፣ ቤተሰቡ ለምግብና ለመጠጥ ያጠራቀመውን ሁለት ጀሪካን ንጹሕ የቧንቧ ውኃ ሞላችበት። የቀሩት ስድስቱም ሳይመሽ አለቁ። የሚቀጥለው የውኃ ፈረቃ እስኪደርስም ልጆቹ የሚጠጡት ውኃ በየጎረቤቱ ሲለመን ሰነበተ። እኛም ያን ጊዜ «የሞተው ዓሣ ብቻ አይደለም» ተባባልን።

ወደ ሂሳቡ ከመግባታችን በፊት ስለ ታሪኩ ጥቂት እንበል። ዓሣን በመስተዋት ውስጥ ለረጅም ጊዜ በሥርዓት ማኖር እንደሚቻል በሳይንስ መንገድ ካስረዱት ሰዎች አንዱ ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1850 ባሳተመው ጽሑፍ እንደ ገለጸው፣ 12 ጋሎን ያህል በሚይዝ የመስተዋት ዕቃ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ጎልድፊሾችን ከአንድ የውኃ ተክል ጋር አኖረ። የተክሉ ቅጠል እየበሰበሰ ውኃውን ባደፈረሰው ጊዜም ቀንድ አውጣዎች ጨመረበትና ዝቃጩን በሉለት። አሁን የምንለምነው ቁጥሩን ልብ እንድትሉልን ነው። 12 የእንግሊዝ ጋሎን ማለት 54 ሊትር ያህል ነው፤ የጎረቤታችንም ገንዳ ልኩ እስከ አፉ 54 ሊትር ነው። ዋሪንግተን ሁለት ትንንሽ ዓሦች ባኖረበት ልክ ጎረቤታችን ዐሥራ ሁለት ትልልቆች አኖረ ማለት ነው። «አኳሪየም» የሚለውን ስም በሕዝብ ዘንድ ያስለመደው ጎስ የተባለው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሲሆን፣ መጽሐፉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1854 ነው፤ የለንደን የአራዊት መጠበቂያም የዓሣ ቤቱን ለሕዝብ የከፈተው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ነበር።

ከዚያ ወዲህ በውጭ አገር በዓሣ አኗኗሪዎች ዘንድ የተለመዱ ሁለት ሕጎች አሉ። አንደኛው «ለአንድ ጋሎን አንድ ኢንች ዓሣ» የሚለው ነው። በእኛ መለኪያ ሲመለስ ለአንድ ሳንቲሜትር ዓሣ አንድ ሊትር ተኩል ውኃ ማለት ነው። ሁለተኛው የውኃውን ፊት፣ ማለትም አየር የሚነካውን ስፋት የሚለካ ነው፤ ለሞቃት አገር ትንንሽ ዓሦች በአንድ ሳንቲሜትር ርዝመት 30 ካሬ ሳንቲሜትር፣ ለጎልድፊሽ ግን 75 ካሬ ሳንቲሜትር ይጠይቃል። በእኛ አስተያየት ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይሻላል፤ ዓሣ የሚተነፍሰው ኦክሲጅን የሚገባው በፊቱ በኩል ነውና። ጠባብና ረጅም ሆኖ እንደ ማሰሮ የቆመ ገንዳ ብዙ ሊትር ቢይዝም ለዓሣው ያለው መስኮት ትንሽ ነው። ክቡ የመስተዋት ጎድጓዳማ እስከ አፉ ሲሞላ ደግሞ ይህ መስኮት ጨርሶ ይጠባል፤ በሥዕል ላይ ያምራል እንጂ ለኑሮ አይመችም።

ዳሩ ግን እነዚህን ሕጎች እንዳሉ ወደ ገላን ማምጣት አይቻልም። ምክንያቱንም ከከፍታው ላይ እናገኘዋለን። ሰፈራችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከአምስት እጅ አራት እጅ አይበልጥም፤ በውኃ ውስጥ የሚሟሟውም ኦክሲጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት በባሕር ጠረፍ አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ 8.2 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ሲይዝ፣ እኛ ዘንድ 6.5 ያህል ብቻ ይይዛል። ውኃው ወደ 20 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ወደ 7 ከፍ ይላል። ስለዚህ በለንደን ወይም በኒው ዮርክ የተጻፈ ሕግ ወደ እኛ ሲመጣ አንድ አምስተኛው ሊቆረጥለት ይገባል። ብዙ መጽሐፍ ይህን አይናገርም፤ ጸሐፊዎቹ የኖሩት በቆላ ነውና አልታያቸውም።

እንግዲህ እንቁጠር። ገንዳው 54 ሊትር ይችላል ብንልም ጠጠሩና ከላይ የሚተወው ክፍት ቦታ ሲቀነስ እውነተኛው ውኃ 45 ሊትር ነው። ይህን ለአንድ ሊትር ተኩል ብናካፍለው 30 ሳንቲሜትር ዓሣ ይሆናል፤ ለከፍታው አንድ አምስተኛውን ብንቆርጥ 24 ሳንቲሜትር ይቀረናል። የጎረቤታችን ዓሦች በጠቅላላው 120 ሳንቲሜትር ነበሩ።

ነገር ግን የርዝመት ሕግ ራሱ አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት። የዓሣ ክብደት ከርዝመቱ ጋር አብሮ የሚሄደው በእጥፍ ሳይሆን በኩብ ነው። አምስት ባለ 2 ሳንቲሜትር ዓሦችና አንድ ባለ 10 ሳንቲሜትር ዓሣ በሜትር ሲለኩ እኩል ናቸው፤ መልካቸው አንድ ዐይነት ከሆነ ግን ትልቁ ብቻውን አምስቱን ትንንሾች 25 ጊዜ ይመዝናል፤ ከእነርሱም አብልጦ ይበላል፤ ይተነፍሳል፤ ያቆሽሻልም። ስለዚህ ሜትሩን አስቀምጠን ሚዛኑን ማንሣት አለብን።

የዚያን ሌሊት ነገር በሚዛን እንየው። ዐሥራ ሁለት ባለ 10 ሳንቲሜትር ጎልድፊሾች 250 ግራም ያህል ይመዝናሉ። ይህን ያህል ዓሣ በሰዓት 30 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ይተነፍሳል። በ45 ሊትር ውኃ ውስጥ፣ እስከ ጥጋቡ ድረስ ኦክሲጅን ይዟል ብንል እንኳ፣ ያለው 300 ሚሊግራም ያህል ነው። የአየር ፓምፑ በቆመ ጊዜ ቀለቡ የዐሥር ሰዓት ብቻ ነበር ማለት ነው። ከውኃው ፊት ጥቂት ይገባል፤ የተረፈው ምግብና ባክቴሪያው ደግሞ የገባውን ይሻማል። መብራት የጠፋው ለዐሥራ ስድስት ሰዓት ነው። ከዚህ በኋላ መርዝ መፈለግ አያስፈልግም።

መርዙ ግን እርሱም ነበረ። ዓሣ ከበላው ፕሮቲን የሚወጣውን ናይትሮጅን በአብዛኛው በስንጥቡ በኩል በአሞንያ መልክ ወደ ውኃው ይለቃል። በግምት አንድ ግራም የዓሣ ምግብ 30 ሚሊግራም የአሞንያ ናይትሮጅን ይወጣዋል። አሞንያ የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል። በገንዳው ውስጥ በጠጠሩና በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚሰፍሩ ባክቴሪያዎች አሞንያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ናይትራይት አሁንም መርዝ ነው፤ ናይትሬት ግን ብዙ ካልተከማቸ ዓሣው ይችለዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በአዲስ ገንዳ ውስጥ በቂ ሆነው ለመራባት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅባቸዋል። የጎረቤታችን ዓሦች በቀን 5 ግራም ይበሉ ነበር ብንል፣ ገና አራት ቀን በሆነው ገንዳ ውስጥ በአንድ ሊትር ውኃ በየቀኑ ከ3 ሚሊግራም በላይ የአሞንያ ናይትሮጅን ይጨመር ነበር። ውኃው ወደ አልካሊነት ሲያደላ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ፒኤች ከ7 ወደ 8 ሲወጣ መርዛማው የአሞንያ ክፍል ዐሥር እጥፍ ያህል ይሆናልና። ኋላ የቀሩትን ስድስቱን የገደላቸው ምን እንደ ሆነም ከዚህ ይታያል፤ የቧንቧው ውኃ ክሎሪን አለበት፤ ሳያድር በአንድ ጊዜ ተደፋባቸው፤ ሙቀቱም ተለዋወጠ። ውኃውን በባልዲ ከፍቶ አንድ ሌሊትና አንድ ቀን ማሳደር ክሎሪኑን ያበንነዋል፤ ይህ ምንም ወጪ የለውም።

አሁን ወደ ጀሪካኑ እንምጣ፤ በእኛ እምነት የጉዳዩ ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው። ባክቴሪያው ሥራውን ከጀመረ በኋላም ናይትሬቱ ይከማቻል፤ ከገንዳው የሚወጣው በአብዛኛው ሰው ውኃ ሲቀይር ብቻ ነው። በሳምንት ከገንዳው ሩቡን፣ ማለት 11 ሊትር ያህል፣ እንቀይራለን እንበል። ይህ የአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ግማሽ ያህል ነው። በቀን ግማሽ ግራም ምግብ ከተሰጠ፣ ናይትሬቱ በሳምንት 10 ሚሊግራም ያህል በሊትር ይጨምራል፤ ሩቡ በየሳምንቱ እየተቀየረ ሲኖር መጠኑ ወደ 40 ደርሶ እዚያ ይቆማል። ይህ ሊታለፍ የማይገባው ወሰን ነው እንበል። አንድ ግራም ቢሰጥ 80 ይደርሳል። የውኃው ፈረቃ ተዛብቶ ሁለት ሳምንት ሳይቀየር ቢቀር ደግሞ ከዚያ ላይ 20 ይጨመራል። እንግዲህ ግማሽ ግራም ምግብ የስንት ዓሣ ቀለብ ነው? በቀን ከክብደቱ መቶኛ ሁለቱን ለሚበላ ጎልድፊሽ የ25 ግራም ዓሣ ቀለብ ነው፤ ይኸውም አንድ ባለ 10 ሳንቲሜትር ዓሣ ማለት ነው። እርሱም በዚያ አይቆምም፤ ደኅና ከተያዘ እስከ 20 ሳንቲሜትር ያድጋልና ያን ጊዜ ክብደቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በዚህ ገንዳ ውስጥ የጎልድፊሽ ትክክለኛ ቁጥር ዜሮ ነው። «ዓሣ በዕቃው ልክ ያድጋል» የሚባለውም ሐሰት ነው፤ በጠባብ ቦታ ዕድገቱ የሚገታው በራሱ ቆሻሻ ታሞ ነው፤ ዕድሜውም በዚያው ልክ ያጥራል። ከዝዋይ ወይም ከቆቃ የቆሮሶ ጫጩት በፕላስቲክ ይዞ የመጣ ወንድማችንም ይህንኑ ልብ ይበል፤ ቆሮሶ ከ30 ሳንቲሜትር በላይ የሚያድግ የምግብ ዓሣ ነው፤ አምባዛማ ከሰው እግር ይረዝማል።

ታዲያ ምን ይኑርበት? ጉፒ የምትባለውን ትንሽ ዓሣ እንውሰድ። ወንዱ 3 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ ክብደቱም የግራም ሩብ ያህል ነው። በርዝመቱ ሕግ፣ ከከፍታው ቅናሽ በኋላ፣ 24 ሳንቲሜትር ለ3 ሲካፈል ስምንት ወንድ ጉፒ ይሆናል። ስምንቱ በአንድ ላይ 2 ግራም ቢመዝኑ ነው፤ በቀን የሚበሉት የአንድ ግራም ዐሥረኛ እጅ ያህል ነው። የምግቡ ሂሳብ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይፈቅዳል። እኛ ግን ሁለት ሂሳብ ሲለያይ ዝቅተኛውን እንይዛለን፤ የተረፈው ለማይመጣው ውኃና ለሚጠፋው መብራት ይሁን እንላለን። ስምንት ጉፒዎች መብራት አንድ ሌሊት ቀርቶ ሦስት ሌሊት ቢጠፋ በኦክሲጅን እጦት አይሞቱም። አንድ ወር ሙሉ ውኃ ባይቀየርላቸው እንኳ የተነነውን ብቻ እየተኩ ማቆየት ይቻላል። ከቤተሰቡ አፍ ውኃ አይነጥቁም ማለት ነው።

ወንድ ብቻ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሴቷ ጉፒ በአራት ሳምንት አንድ ጊዜ ያህል ትወልዳለች፤ በአንድ ጊዜም ሃያም ሠላሳም ልጆች ልታወጣ ትችላለች። አንድ ጊዜ ከወንድ ጋር ከተገናኘች በኋላ ዘሩን በሆዷ አቆይታ ወንድ በሌለበት ለብዙ ወራት እየደጋገመች ትወልዳለች። «ሁለት ወንድና ሁለት ሴት ብቻ» ብሎ የጀመረ ሰው ለፋሲካ መቁጠር ያቅተዋል። ሙቀቱም ይታሰብበት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የኮንዶሚኒየም ክፍል ይቀዘቅዛል፤ ጉፒ ደግሞ ከ22 ዲግሪ በታች አትወድም። ማሞቂያ መግዛት ያልፈለገ ሰው ቅዝቃዜን የሚችለውን ባለ መስመሩን ዚብራ ዓሣ ቢያኖር ይሻለዋል፤ እርሱም ከጉፒ ጥቂት ስለሚበልጥ ስድስቱ ይበቃሉ።

ስለ ወለሉ የሚሰጋ ካለ፣ ባለ 54 ሊትሩ ገንዳ ከነጠጠሩ 60 ኪሎ ያህል ነው፤ ይህ የአንድ ሰው ክብደት ነው። የመኖሪያ ቤት ወለል ብዙ ጊዜ የሚነደፈው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ይችላል ተብሎ ነው። ባለ 300 ሊትር ገንዳ ግን ሌላ ጉዳይ ስለ ሆነ መሐንዲስ ሳይጠየቅ በክፍሉ መካከል አይቁም።

በትልቅ ውኃም ሕጉ ያው መሆኑን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ከገላን ተነሥቶ በዱከም በኩል ወደ ቢሾፍቱ የወረደ ሰው የእሳተ ገሞራ ሐይቆቹን ያያል። በእነዚህ ሐይቆች ጥልቅ ውስጥ ያለው ውኃ ለወራት ከላይኛው ሳይደባለቅ ይቆያልና ኦክሲጅን አያገኝም። በቀዝቃዛው ወራት ሌሊት የላይኛው ውኃ ቀዝቅዞ ሲሰምጥ የታችኛው ይወጣል፤ ዓሦች በብዛት ሞተው የተገኙባቸውም ጊዜያት አሉ። የሐይቆቹን አደራረብ ካጠኑት መካከል ቤክስተር፣ ፕሮሰር፣ ታሊንግና ዉድ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተሙት ጽሑፍ ይገኛል፤ የባዮሎጂ ተማሪዎች ቢያነቡት እንመክራለን። በገንዳም ቢሆን ጠጠሩን በእጅ የሚያማስል ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ የታፈነውን ዝቃጭ በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ያወጣዋል። ከእኛው አጠገብ ያለው የአባ ሳሙኤል ግድብ ደግሞ ከምግብ ብዛት የሚመጣውን ያሳያል፤ የአዲስ አበባ ፍሳሽ በአቃቂ ወንዞች ወርዶ ስለሚገባበት እምቦጭ ለምቶበታል። ስለዚህም ከአቃቂ ወንዝ ውኃ ቀድቶ ገንዳ ለመሙላት ያሰበ ካለ እባካችሁ ከልክሉት።

በመጀመሪያ ወዳቆየነው ጥያቄ እንመለስ። አንድ ጓደኛችን «ሰው ውኃ በሚጠማበት ሰፈር ዓሣ ማኖር ቅንጦት ነው» ብሎ በብርቱ ተከራክሮናል። ስለ ዐሥራ ሁለቱ ጎልድፊሾች ከሆነ ፈጽሞ ትክክል ነው፤ አልተከራከርነውም። ስለ ስምንቱ ጉፒዎች ግን በሂሳብ መለስንለት። በሳምንት የሚወጣው 11 ሊትር አይደፋም። የኮንዶሚኒየም መጸዳጃ ውኃ በሌለ ቀን በባልዲ እንደሚለቀቅ ሁሉም ያውቃል፤ የገንዳው ውኃ ለዚያ ይውላል፤ ወይም ናይትሬት ስላለበት በበረንዳ በቆርቆሮ የተተከለውን ጎመን ያጠጣል። ከሁለቱ አንዱ በቤቱ ውስጥ አስቀድሞ የሚጠፋ ውኃ ነበርና ዓሣው በመካከል ተዋሰው እንጂ አልወሰደም። ጓደኛችን «የሚሸከመው ሰው ድካምስ?» አለን። እዚህ ላይ ተስማማን፦ ዓሣውን የፈለገው ሰው ጀሪካኑን ራሱ ይሸከም፤ እናቱ ወይም የቤት ሠራተኛዋ አትሸከምለትም። ስንት ዓሣ እንደሚበቃው ከማናችንም ይልቅ ያን ጊዜ በትክክል ይገባዋል።

ለመጀመር ያሰበ ሁለት ዓሣ ብቻ አስገብቶ አንድ ወር ይቆይ፤ ከዚያ ሦስት፣ ከሳምንታትም በኋላ የቀሩትን ሦስቱን ይጨምር። ምግቡ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ይሁን። ማጣሪያውን ሲያጥብ በቧንቧ ውኃ ሳይሆን ከገንዳው በወጣው ውኃ ይጠብ፤ ባክቴሪያውን ክሎሪን ይገድለዋልና። መብራት ከጥቂት ሰዓት በላይ ከጠፋ ምግብ አይስጥ፤ በኩባያ ውኃውን እየቀዳ ከከፍታ ላይ መልሶ ያንቆርቁርበት።